ከድሬዳዋ ተነሥቶ የዱር እንስሳትን ለማየት፦ ከአዋሽና ከባቢሌ በእርግጥ ምን መጠበቅ ይቻላል?

መምህርት ከሳቢያን

ሰላም ለዚህ መድረክ አባላት። በማስተምርበት ትምህርት ቤት ያለው የተፈጥሮ ክበብ፣ ተማሪዎቹን ከአስጎብኚ ጋር ወስዶ የዱር እንስሳትን በሚኖሩበት ቦታ ለማሳየት ጉዞ እያሰናዳ ነው። ልጆቹ ድሬዳዋ ተወልደው ያደጉ ናቸው። ስለ ዝሆንና ስለ አንበሳ የሚያውቁት በቴሌቪዥን ካዩት የኬንያና የታንዛኒያ ፊልም ነው፤ ከባቢሌ ዝሆኖች ግን የሚለያቸው የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይሞላም። ይህ ሁልጊዜ ይቆጨኛል።

ዋጋ ከጠየቅናቸው መካከል አንዱ «በአንድ ቀን ዝሆንም አንበሳም አሳያችኋለሁ» ሲል በእርግጠኝነት ቃል ገባልን። ሌላው ደግሞ «አዋሽ ከሄድን ሳላ (ረጅም ቀጥ ያለ ቀንድ ያለውን የሜዳ እንስሳ፣ ኦሪክስ) ታያላችሁ፤ የቀረውን ፈጣሪ ያውቃል» አለና ሌላ ነገር አልጨመረም። ኮሚቴው ወደ መጀመሪያው አዘንብሏል፤ እኔ ግን ልቤ አልተቀበለውም። ወላጆች የሚያዋጡት ከአስቤዛቸው ቀንሰው ስለሆነ፣ ዝሆን ታያላችሁ ብዬ ወስጄ ልጆቹን አንገት አስደፍቼ መመለስ አልፈልግም። አዋሽ ይሻላል ወይስ ባቢሌ? በመኪና ዞሮ ማየት የሚቻለውስ በእውነት ምን ምን ነው? በሥራው ላይ ያላችሁ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ ትልቅ ነው።

አስጎብኚ ዘሐረር

መምህርት፣ ሁለተኛውን ሰው ይዘው ይሂዱ። በዚህ ሥራ ላይ ጥቂት የቆየ ሰው ለዱር እንስሳ ዋስ አይሆንም። ዋስ ሊሆን የሚችለው በሚያውቀው መንገድ በትክክለኛው ሰዓት እንደሚወስድዎትና የታየውን ሁሉ እንደሚያስረዳዎት ብቻ ነው።

ስለ ባቢሌ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ፤ ምክንያቱም የባቢሌ ከተማ ከሐረር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስለምትርቅ፣ ብዙ ሰው ዝሆኖቹ ከአስፋልቱ ዳር ቆመው የሚጠብቁት ይመስለዋል። የባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ በ1970 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም የተከለለው ወደ 7,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መሬት ነው፤ ይህም ከኬንያው የማሳይ ማራ ጥብቅ ሥፍራ አራት እጥፍ በላይ ነው። ኤረር፣ ጎበሌ፣ ዳከታና ፋፈን ሸለቆ ቆርጠው ወደ ደቡብ ይወርዱበታል። ዝሆኖቹ እንደ ወቅቱ ውኃና ምግብ እየተከተሉ በተለይ በኤረርና በጎበሌ መካከል ይመላለሳሉ። ሸለቆው ውስጥ ያለው ደግሞ እንደ ፊልሙ የተንጣለለ ሜዳ ሳይሆን እርስ በርሱ የተቆላለፈ የግራር ቁጥቋጦና ከሰው ቁመት የሚበልጥ በለስ ነው። እዚያ ውስጥ ዝሆን የሚያህል እንስሳ በሃያ ሜትር ርቀት ቆሞ ላይታይ ይችላል። መኪና የሚገባበት መንገድም ጥቂት ስለሆነ፣ ባቢሌ በእግር፣ ያውም ከስካውት (ከዱር እንስሳት ጠባቂ) ጋር እንጂ በመኪና ተዞሮ የሚታይ ቦታ አይደለም።

ሥራው እንዲህ ነው። ስካውቱ ገና ሳይነጋ በሸለቆው ዳር ላሉ ገበሬዎች ስልክ ይደውላል። ዝሆን ሌሊቱን ማሽላ ወይም በቆሎ ማሳ ገብቶ ከሆነ የሰፈሩ ሰው ሳይተኛ ያድራልና ወዴት እንደሄደ ያውቃል። ከዚያ ዱካ ይፈለጋል። በአሸዋማ የወንዝ አልጋ ላይ የፊት እግሩ ዱካ ክብና ሰፊ፣ የኋላው ጠበብ ያለና ሞላላ ሆኖ ይገኛል፤ የኋላው ብዙ ጊዜ የፊቱን በከፊል ረግጦት ያልፋል። የውስጥ እግሩ ስንጥቅጥቅ መስመር በአሸዋው ላይ ጥርት ብሎ ከተነበበ ነፋስ ገና አልነካውም ማለት ነው። በላዩ ላይ የወፍ እግር ወይም የጉንዳን መንገድ ካለፈበት ግን ባለ ዱካው ርቋል። ፋንድያ ሲገኝ ስካውቱ በእንጨት ይከፍተዋል። ዝሆን ከሚበላው ብዙውን በደንብ ሳይፈጨው ስለሚያወጣው፣ የበለስ ፍሬና የተበጣጠሰ የግራር ልጥ በውስጡ እንዳለ ይታያል፤ ውስጡ እርጥብና ለብ ያለ ከሆነ ከዚያ ወዲያ ወሬ ይቆማል።

ቀጥሎ የነፋሱ ነገር ነው። የዝሆን ዐይን ደካማ፣ አፍንጫው ግን እጅግ ኃይለኛ ስለሆነ፣ ስካውቱ አፈር ቆንጥሮ እየበተነ፣ ነፋሱ ከፊት ለፊት እየመጣበት ይሄዳል። ነፋሱ ከዞረ ጎብኚውም ዞሮ ይመለሳል፤ እዚያ ላይ ድርድር የለም።

ስለዚህ ብዙ ተማሪ ይዘው ባቢሌ አይግቡ። እናት ዝሆን 22 ወር አርግዛ የወለደችውን ልጇን አጠገቧ አድርጋ ሳለ የሰው ጫጫታ ከሰማች፣ ቁጥቋጦው እሷን ከእኛ እንደሰወረ ሁሉ እኛንም ከእሷ ይሰውራል፤ አደጋ የሚመጣውም በዚህ ድንገተኛነት ነው። ለትልልቅ ሰዎች፣ ሦስትና አራት ሆነው ቢሄዱ ግን፣ ዝሆኑ ባይታይ እንኳ፣ በምሥራቁ የአገራችን ክፍል ከባቢሌ የሚበልጥ ጠዋት አላውቅም።

የአዋሽ መንገደኛ

ከአስጎብኚው ጋር እስማማለሁ፤ ለተማሪዎች የሚስማማው አዋሽ ነው። አስቀድሜ ግን ስለ ሰዓት ልናገር። ከድሬዳዋ በደንገጎ፣ በቁልቢ፣ በሂርናና በጭሮ የሚያልፈው መንገድ ጠመዝማዛ ስለሆነ በዚያው ዕለት ተነሥቶ ጠዋቱን ማግኘት አይቻልም። አዋሽ ወይም መተሐራ ማደር ግድ ነው። ማደር አያስፈልግም የሚል አስጎብኚ ልጆቹን በቀትር ሊያስገባቸው ነው፤ በቀትር ደግሞ እንስሳው ሁሉ ጥላ ውስጥ ተኝቶ ሜዳው ባዶ ይሆናል። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ ከዚያም ከ10 ሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ ነው የሚጠቅመው።

ፓርኩ የተቋቋመው በ1966 እ.ኤ.አ. ሲሆን ዋናው አስፋልት ለሁለት ይከፍለዋል። በስተሰሜን የፈንታሌ ተራራና የፍልውኃው ዘንባባዎች፣ በስተደቡብ የኢላላ ሳላ ሜዳና የአዋሽ ፏፏቴ ይገኛሉ። ለእይታ ደቡቡ ይሻላል።

ባለፈው በጋ ከአንድ ስካውት ጋር ገብተን ነበር። ፀሐይ ብቅ ስትል ሾፌሩ መኪናውን እመንገዱ ላይ አቁሞ ሞተሩን አጠፋ። መጀመሪያ ከቢጫ ሣርና እዚህም እዚያም ከቆሙ ግራሮች በቀር የሚታይ አልነበረም። ስካውቱ «እንስሳ አትፈልጉ፣ ቀንድ ፈልጉ» አለን። ጥቂት ቆይቶ ከሣሩ በላይ ሁለት ቀጥ ያሉ ጥቁር መስመሮች ታዩኝ፤ ከዚያ ከአጠገባቸው ሌሎች፤ የሳላ መንጋ ነበር። ለእኛ የቀረበችው ሴት ነበረች። ሳላ ወንዱም ሴቷም ቀንድ ስላላቸው ስካውቱ የለያት በቀንዷ ቅጥነት ነው። ከዐይኗ በላይ የሚጀምረው ጥቁር መስመር እስከ መንጋጋዋ ይወርዳል። ጆሮዎቿን ወደ እኛ አዙራ፣ የሣር ዘለላ ከአፏ እንደተንጠለጠለ ማኘኳን አቆመች። ከመኪናው ውስጥ ማንም አልተነቃነቀም። ቆይታ መንጋጋዋ እንደገና መሥራት ጀመረ፤ ስካውቱም በለሆሳስ «አሁን ተቀበለችን» አለ። ከዚያ በኋላ መንጋው መኖራችንን ረስቶ ሲግጥ፣ ወጣቶቹ ቀንድ ለቀንድ ሲሞካከሩ ረጅም ጊዜ አየን።

ልጆቹ ስለዚህ እንስሳ አስቀድመው ቢማሩ መልካም ነው። ሳላ በሙቀት ጊዜ ላብ አውጥቶ ውኃ ከማባከን ይልቅ የሰውነቱ ሙቀት እስከ 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ እንዲወጣ ይተወዋል። ወደ አንጎሉ የሚሄደው ደም ከአፍንጫው በሚመለሰው ቀዝቃዛ ደም አጠገብ እያለፈ ስለሚበርድ አንጎሉ አይጎዳም። ይህን የሚያውቅ ተማሪ ሳላን በፀሐይ ላይ ቆሞ ሲያየው የሚያየው ሌላ ነገር ነው።

ከሳላ ሌላ የሶመሪንግ ሚዳቋን፣ እንሹን (ትንሿን ሚዳቋ መሰል እንስሳ፣ ዲክዲክ)፣ ከርከሮንና ዝንጀሮን በደህና ሰዓት የገባ ሰው ብዙ ጊዜ አያጣም። አምበራይሌ (ከአጋዘን የሚያንሰው ዘመዱ) ከግራሩ ጥላ ሥር ስለሚቆም በጎኑ ባሉት ነጫጭ መስመሮች የሚለየው የለመደ ዐይን ነው። አጋዘን እንደ ዕድል ነው። አንበሳና ነብር አሉ፤ ነገር ግን የሌሊት እንስሳት ስለሆኑ ድምፃቸውን ሰምቶ ያደረ ሰው ራሱ ዕድለኛ ነው። ወፎችን አትርሱ፤ በፓርኩ ከ450 በላይ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ዝሆን ግን አዋሽ ውስጥ አይታይም፤ ስለዚህ «በአንድ ቀን ዝሆንም አንበሳም» ያለው ሰው የትኛውን ቦታ እንዳሰበ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የደቻቱ ዳር

ይህ ሁሉ ድካምና ማደር ለምን አስፈለገ? ሐረር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ማታ ከጁገል (ከሐረር የግንብ አጥር) ውጭ ጅብ ሲመገብ ልጆቹ በቅርብ ያያሉ፤ የመታየቱ ነገርም አያጠራጥርም። እሱም የዱር እንስሳ ነው።

የጁገል ነዋሪ

ወንድሜ ደቻቱ ዳር፣ ልጆቹ ሐረር ቢመጡ ደስ ይለኛል፤ ነገር ግን ሁለቱ እይታዎች አንድ ስላልሆኑ አንዱ በሌላው አይተካም።

ጅቦቻችን የታሰሩ ወይም የተገራ ልማድ ያላቸው እንዳይመስላችሁ። ቀን በየኮረብታው ጉድጓዳቸው ይውላሉ፣ ማታ በፈቃዳቸው ይመጣሉ። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዘመን ባሠሩት ግንብ ላይ ለእነርሱ ማለፊያ የሚሆኑ ቀዳዳዎች አሉ። ሌሊት በየጠባቡ መንገድ እየዞሩ አጥንትና ጥራጊ ይለቅማሉ፤ እኛም መንገድ ላይ ስናገኛቸው በዝግታ እንተላለፋለን። ይህ በዓለም ላይ በብዙ ቦታ የማይገኝ ነገር ነው፤ እኮራበታለሁ።

ነገር ግን ሥጋ በእንጨት ሲቀርብለት የሚታየው የጅብ ሕይወት አንዱ ገጽ ብቻ ነው። ተማሪዎቹ ከመጡ ሥጋው ከመውጣቱ በፊት ቀደም ብለው ደርሰው፣ ራቅ ብለው ተቀምጠው የሚሰበሰቡትን ቢመለከቱ ይሻላል። በጅብ ዘንድ ገዢዋ ሴቷ ናት፤ ከወንዱ በአካል ትበልጣለች፣ ልጆቿም ደረጃቸውን የሚወርሱት ከእርሷ ነው። ልጆቹ ማን ለማን መንገድ እንደሚለቅ፣ ጅራቷን አቁማ የምትመጣው የትኛዋ እንደሆነች፣ ጆሮውን ወደ ኋላ አጥፎ ጎንበስ የሚለው የትኛው እንደሆነ ይመልከቱ። ከሩቅ የሚሰማው እየወጣ የሚሄድ ጩኸታቸው በኪሎ ሜትሮች ርቀት ያሉ የመንጋቸው አባላት ማን እንደሚጠራቸው የሚለዩበት ነው። ይህን ካስተዋሉ በኋላ ሥጋው ቢቀርብ ጥሩ ነው። የካሜራ ብርሃን ዐይናቸው ላይ እንዳይበራ አደራ።

የሐረማያ ባዮሎጂ

ስለ አዋሽ ዝንጀሮ ሁለት ቃል ልጨምር፤ ብዙ ጎብኚ ሳያየው ያልፋልና። ከፏፏቴው በላይ ወንዙን ይዞ የሚኖረው ወይራማ ቀለም ያለው የአኑቢስ ዝንጀሮ ነው፤ ከፏፏቴው በታች በገደሉ የሚኖረው ደግሞ ወንዱ ትከሻው ላይ ግራጫ ጎፈር ያለው ሐማድርያስ ነው። ሁለቱ በሚገናኙበት አካባቢ ይዳቀላሉ፤ ይህን ድንበር ተመራማሪዎች ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲያጠኑት ቆይተዋል። ሐማድርያሱ ከወንዱ ዙሪያ ከማይርቁ ጥቂት ሴቶች ጋር ይሄዳል፤ ሴት ራቅ ስትል አንገቷን ነክሶ ይመልሳታል። አኑቢሱ ግን ብዙ ወንዶችና ሴቶች ባሉበት መንጋ ይኖራል። ልጆቹ ከመኪናው ሳይወርዱ ይህን ልዩነት በዐይናቸው ማረጋገጥ ይችላሉ፤ ከአንበሳ ጅራት ይልቅ ይህ ለተማሪ የሚጠቅም ይመስለኛል። ምግብ ብቻ አይወርውሩላቸው፤ ከመኪና የተቀበለ ዝንጀሮ ነገ ከልጅ እጅ ይነጥቃል።

የባቢሌ ዝሆኖች ለምን እንደሚሸሹም መነገር አለበት። በኬንያ አምቦሴሊ በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ዝሆኖች የማሳይ ወንዶች የለበሱትን ልብስ ሽታ ከካምባ ገበሬዎች ልብስ ሽታ ለይተው፣ በጦር የሚወጓቸው የነበሩት ማሳዮች ስለሆኑ የእነርሱን ሲያሸቱ ፈጥነው ይሸሻሉ። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው ደግሞ በድምፅ ብቻ ወንድን ከሴት፣ ትልቅ ሰውን ከልጅ እንደሚለዩ አረጋግጧል። በባቢሌ ዝሆኖች ላይ ለዓመታት የደረሰውን አደንና ከማሳ መባረር ስናስብ፣ የሰው ሽታ ሲደርሳቸው መሰወራቸው የሚጠበቅ ነው። ስለዚህ ዝሆን አለመታየቱ የአስጎብኚው ስንፍና ተደርጎ ባይቆጠር እላለሁ።

የሜዳ አህያ ማየት የሚፈልግ ካለ፣ የግሬቪ የሜዳ አህያ ያለው ከአዋሽ በስተሰሜን ምሥራቅ ባለው አላይደጌ ነው። በዓለም ላይ የቀረው ሦስት ሺህ ገደማ ሲሆን አብዛኛው ኬንያ ይገኛል። በአፋር ሜዳዎች የተስፋፋው መጤው የፕሮሶፒስ ቁጥቋጦ ሣሩን እየሸፈነው ስለሆነ ማየት የሚፈልግ ሰው ባይዘገይ ይሻላል።

ከማራ የተመለሰ

በኬንያ ለጎብኚዎች መኪና እየነዳሁ ስለኖርኩ ስለ ዋስትናው ጉዳይ ከዚያ በኩል ልናገር። በማሳይ ማራ አንበሳ ማየት ቀላል ነው፤ ሣሩ አጭር፣ ሜዳው ክፍት፣ እንስሳው መኪና የለመደ ነው። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ደግሞ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሚሆነው የዊልደቢስት መንጋ ከሴሬንጌቲ እየተሻገረ ስለሚመጣ ሰው ሁሉ ማራ ወንዝ ላይ ይሰበሰባል። ሾፌሮች በሬዲዮ ይጠራራሉ፤ አንዱ አቦሸማኔ ሲያገኝ በደቂቃዎች ውስጥ መኪናው ይከበዋል። ደንቡ በአንድ እንስሳ ዙሪያ ከአምስት መኪና በላይ እንዳይቆምና ከ25 ሜትር በላይ እንዳይጠጋ ይላል፤ ጉርሻ የሚጠብቅ ሾፌርና ፎቶ የሚፈልግ ጎብኚ በአንድ መኪና ሲገናኙ ግን ደንቡ ይላላል።

ዋጋውን የሚከፍለው እንስሳው ነው። አቦሸማኔ በቀን ብርሃን የሚያድን፣ ለማደንም ገላጣ ሜዳና ጸጥታ የሚፈልግ እንስሳ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. በማራ ላይ የወጣ ጥናት፣ ጎብኚ በሚበዛበት አካባቢ የምትኖር አቦሸማኔ ከአንድ ወሊድ አሳድጋ ለራስ የምታበቃው በአማካይ ከአንድ ልጅ በታች ሲሆን፣ ጎብኚ በማይበዛበት ግን ከሁለት በላይ እንደሆነ አሳይቷል። ይህን ካነበብኩ በኋላ ሬዲዮ ሲጮህ የምሄድበት ልብ አጣሁ።

እዚያ ያየኋቸው ምርጥ አስጎብኚዎች ወደ ጥሪው የማይሮጡ ነበሩ። ጠዋት አንድ ቦታ ላይ ቆመው፣ ጆሯቸውን አቅንተው የወፎችን የማስጠንቀቂያ ጩኸት ይሰሙ ነበር። ጅግራ ሲንጫጫ፣ ሚዳቋ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ አንገቱን ቀስሮ ሲቆም፣ ጥንብ አንሳ ከሰማይ ክንፉን አጥፎ ሲወርድ እዚያ ጋ አንድ ነገር አለ። ይህ ዕውቀት አዋሽም ይሠራል።

ገንደ ቆሬ

ሁላችሁም ያላችሁት ጥሩ ነው፤ በአንድ ነገር ግን አልስማማም። እናንተ ደጋግማችሁ መሄድ የምትችሉ ናችሁ። እነዚህ ልጆች ግን ምናልባት በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ ነው የሚሄዱት። የከፈለ ሰው ማየት አለበት። ሳላው ሩቅ ከሆነ መኪናው ከመንገዱ ወጥቶ ትንሽ ቢጠጋ ምን ይጎዳል? ሣር ነው፤ ተመልሶ ይበቅላል።

አስጎብኚ ዘሐረር

ወንድም ገንደ ቆሬ፣ የልጆቹን ዕድል ማሰብዎ መልካም ነው፤ እኔም የምሟገተው ስለ እነርሱ ብዬ ነው። ሳላ ልጇን ከወለደች በኋላ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሣር ውስጥ አስተኝታ ትደብቀዋለች፤ ለማጥባት ብቻ እየመጣች ትመለሳለች። ከመንገድ የወጣ መኪና ያንን የተኛ ልጅ አያየውም፤ እሱም በደመ ነፍሱ ከመሸሽ ይልቅ ጸጥ ብሎ ይተኛል። መሬት ላይ እንቁላል የሚጥሉ ወፎችም እንደዚሁ ናቸው። የጎማው ጭረት ደግሞ በመጀመሪያው ዝናብ ውኃ ይከተለውና ቦይ ይሆናል፤ የሚቀጥለው ሾፌርም መንገድ መስሎት ይከተለዋል።

ከዚህ ሌላ፣ መጠጋት እይታውን ራሱን ያጠፋዋል። እያንዳንዱ እንስሳ የሚታገሠው ርቀት አለ። ያን ርቀት ሲያልፉበት መብላቱን ያቆማል፤ ጥቂት ሲቀጥሉ አንገቱን ቀስሮ ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ ጀርባው ነው የሚታየው። ልጆቹ እየሸሸ ያለ ሳላ አዩ ማለት አቧራ አዩ ማለት ነው። የአዋሽ መንገደኛ የጻፈው ያ መንጋጋ እንደገና ማኘክ የጀመረበት ጊዜ ግን ልጅ የማይረሳው ነው፤ ያ ደግሞ በትዕግሥት እንጂ በጎማ አይገኝም።

በዝሆን ላይ ሲሆን ነገሩ የነፍስ ጉዳይ ነው። ጆሮውን ዘርግቶ፣ ራሱን ከፍ አድርጎ፣ እየጮኸ የሚመጣ ዝሆን ብዙ ጊዜ የሚያስጠነቅቅ ነው፤ በዝግታ ማፈግፈግ ይቻላል። ጆሮውን ወደ ኋላ አጣብቆ፣ ኩምቢውን ወደ ደረቱ ጠቅልሎ፣ ድምፅ ሳያሰማ የሚመጣው ግን ቆርጦ የተነሣ ነው። ጎብኚውን እዚያ ደረጃ ያደረሰ አስጎብኚ ሥራውን አላወቀም፤ ጎበዝ ሊባል አይገባውም።

መምህርት ከሳቢያን

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጽሑፋችሁን ለኮሚቴው አንብቤላቸው፣ ባቢሌን ለትልልቆች ትተን ለተማሪዎቹ አዋሽን መርጠናል፤ አንድ ሌሊትም እናድራለን። የሐረሩን ደግሞ እንደ ጁገል ነዋሪ ምክር ለብቻው እናደርገዋለን።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። ልጆቹ «አየሁ» ብለው ብቻ እንዳይመለሱ፣ ደብተራቸው ላይ ምን ቢጽፉ ይጠቅማል? አስጎብኚውንስ ከመዋዋላችን በፊት ምን ብንጠይቀው ይሻላል?

የአዋሽ መንገደኛ

ስለ ደብተሩ፦ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የእንስሳውን ስምና ብዛት ይጻፉ፤ ከዚያ በላይ ግን «መጀመሪያ ስናየው ምን ያደርግ ነበር፣ እኛ ስንቆም ምን አደረገ» የሚለውን ይጻፉ። እንስሳው ያልተገኘበትን ቦታም ይመዝግቡ፤ ከሣሩ ርዝመትና ከውኃው ርቀት ጋር ካያያዙት ትልቅ ትምህርት ነው። ዝናቡ እንደቆመ ሣሩ ረጅም ስለሚሆን ሚዳቋና እንሹ ይሰወራሉ፤ በጋው ሲገፋ ግን ሣሩ ያጥራል፣ እንስሳውም ወደ ወንዙ ይጠጋል። ስለዚህ ከታኅሣሥ እስከ ጥር መጨረሻ ያለውን ጊዜ ብትመርጡ ጥሩ ነው። እንሹ ብዙ ጊዜ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ስለሚኖር፣ አንዱን ያየ ልጅ ሁለተኛውን በአቅራቢያው ቁጥቋጦ እንዲፈልግ ንገሩት።

አስጎብኚ ዘሐረር

አስጎብኚውን ስንት ሰዓት ላይ በር ላይ እንደሚደርስ፣ ስካውቱ በየመኪናው እንዳለና የስካውቱ ክፍያ ከመግቢያው ተለይቶ እንደሚከፈል ወይም በዋጋው ውስጥ እንዳለ ይጠይቁት። መኪናው መስኮቱ በሙሉ የሚከፈት ይሁን፤ ሁሉም ልጅ በመስኮት በኩል እንዲቀመጥ ከተቻለ ሁለት አነስተኛ መኪና ከአንድ አውቶቡስ ይሻላል። የሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር (ባይኖኩላር) ጥቂት እንኳ ቢገኝ ለየመኪናው አንድ አንድ ይከፋፈል። ደማቅ ነጭና ቀይ ልብስ ይቅር፣ ውኃ በብዛት ይያዝ። በመጨረሻም «ሞተር አጥፍተህ የምትቆምበት ቦታ የት የት ነው?» ብለው ይጠይቁት፤ ሦስትና አራት ቦታ ሳያመነታ ከነገረዎት ከእርሱ ጋር ይዋዋሉ።